እናትሽ ቤቷን አትሽጥ

«ውድ እትዬ፣ ነርስ ነኝ። ጎንደር ተምሬ፣ ጎንደር ተቀጥሬ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴንና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማረውን ወንድሜን የምደግፈው እኔ ነኝ። ደመወዜ ግን ወር አያደርሰኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው፣ ጀርመን አገር ሙኒክ ከተማ ውስጥ በወር 3,400 ዩሮ የሚከፍል ሆስፒታል አለ ብሎኛል። ለድርጅቱ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ይከፈላል፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቪዛው ሲወጣ። ‹ቋንቋውን እዚያው ትማሪዋለሽ› ይላል። ሙኒክ አብሮ አደጌ ስላለች ‹ለጊዜው እኔ ጋ ታርፊያለሽ› ብላኛለች። እናቴ አዘዞ ያለውን ቤቷን ከነሰርቪሱ ሸጣ ልትከፍልልኝ ቆርጣለች። አጎቴ ‹ዕድል ደጅ ድረስ መጥቶ አይመለስም› እያለ ያጣድፋታል። እኔም ደመወዙን በብር ሳባዛው እንቅልፍ ይነሳኛል። ከተማው በጣም ውድ ነው ሲሉ ደግሞ እሰማለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ዲግሪያችንን ይንቁታል የሚባለውስ እውነት ነው? እናቴንስ ምን ልበላት? ነርሷ፣ ከአዘዞ።»

እህቴ፣ ነገሩ የሚያጣድፍ ስለሆነ ዋናውን ላስቀድም። እናትሽ ቤቷን አትሽጥ። ለዚያ ሰውም ምንም አትክፈሉ። መሄዱን ግን አልከለክልሽም። ነርስ ነሽ፤ ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች፤ በሕግ የሚገባበት በርም አለ። እኔ የምለው ቋንቋ ሳትይዢና ዕዳ ተሸክመሽ ወደዚያ ከተማ አትግቢ ነው። ሙኒክ ለዓመታት ኖሬያለሁ። ከተማዋን የሚያስወድዳት ኪራዩ ብቻ አይደለም። ቋንቋ ሳይዝ የገባውን በረዳት ደመወዝ ለዓመታት ታስቀምጠዋለች፤ ዕዳ ይዞ የገባውን ደግሞ የማይሆን ሥራና የማይሆን ቤት ሲቀርብለት እምቢ የሚልበትን አቅም ትነሳዋለች።

ለምን መሄድ እንዳሰብሽ ይገባኛል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ያነሡትን ጥያቄ የሙያ ፍቅር ማነስ ነው ብዬ አላየሁትም። ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት ስለ ጤፍ ዋጋ የምትጨነቅን ሴት «አገርሽን አገልግዪ» ብሎ መምከር ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል። «ቅሪ» ለማለት አልጻፍኩልሽም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን 55 አገሮች ዝርዝር አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ አለችበት። ጀርመን ይህን ዝርዝር በውጭ ዜጎች የቅጥር ደንቧ ውስጥ አስገብታዋለች። በደንቡ መሠረት ከእነዚህ አገሮች ለጤናና ለክብካቤ ሥራ ሰው መመልመልም ሆነ ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት የሚችለው የጀርመን ፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። የግል አገናኝ፣ ቢሮው አዲስ አበባም ይሁን ሙኒክ፣ አይፈቀድለትም። ክልከላው አንቺን አይመለከትም። አንቺ በራስሽ ስም ለሆስፒታል ማመልከት፣ መቀጠርና ቪዛ መጠየቅ ትችያለሽ። ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር የሚጠየቀው እንግዲህ ሕጉ ለአንቺ ለፈቀደውና ለእሱ ለከለከለው ነገር ነው።

ትክክለኛውን ወጪ ላስቀምጥልሽ። የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ 75 ዩሮ ነው። የሙያ እውቅና ክፍያው እንደ ክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 600 ዩሮ ባለው ውስጥ ያርፋል። በዚህ ላይ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ የሚሠራው የሰነድ ትርጉም አለ፤ የቋንቋ ትምህርቱና ፈተናው አለ። ማፋጠን ከተፈለገም ሕጋዊ መንገድ ተበጅቶለታል፤ ጀርመን ያለው ቀጣሪሽ ራሱ እዚያው ካለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውሎ የሚያስጀምረው ሲሆን ክፍያው 411 ዩሮ ነው። «ለማፋጠኛ» ተብሎ ከጎንደር ለግለሰብ የሚላክ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም።

ለማረጋገጥ ከፈለግሽ የሆስፒታሉን ስም፣ ውሉን የሚፈርመውን ሰው ስምና ከሆስፒታሉ ከራሱ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ጠይቂው። ከዚያ አንቺ ራስሽ በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጽፈሽ «ይህ ሰው እናንተን ወክሎ ነው የሚሠራው?» በይ። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነኝ ካለም ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። አጎትሽ እስካሁን ቀብድ ሰጥቶ ከሆነ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የቴሌግራም መልእክቶቹን አንዳቸውንም አታጥፉ።

ወደ 3,400 ዩሮው እንመለስ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ማባዛቱ የባሰ ያማልላል። ነገር ግን እዚያ ኪራዩም፣ ዳቦውም፣ የባቡር ትኬቱም በዩሮ ነው። በብር የሚባዛው ከእነሱ የተረፈው ብቻ ነው።

ለአንዲት ሙሉ ፈቃድ ላላት ነርስ 3,400 ዩሮ ያልተጣራ ደመወዝ ውሸት አይደለም። ላላገባችና ልጅ ለሌላት ሴት ከዚያ ላይ ለጡረታ 9.3 በመቶ፣ ለጤና መድን 7.3 በመቶና የመድን ድርጅቱ ከሚጨምረው ግማሹ፣ ለሥራ አጥነት መድን 1.3 በመቶ፣ ለእርጅናና ለአልጋ ቁራኛ ክብካቤ መድን ደግሞ ከ2 በመቶ በላይ ይቆረጣል። የገቢ ግብር ይከተላል። ይህ ሁሉ ተነሥቶ እጅሽ የሚገባው ወደ 2,250 ዩሮ ነው። የተቆረጠው ከንቱ አይቀርም፤ ብትታመሚ ትታከሚበታለሽ። ግን ለእናትሽ የሚላክ ገንዘብ አይደለም።

ሰውየው ያልነገረሽ ሌላ ነገር አለ። ያንን ደመወዝ የምታገኚው የጀርመን የነርስነት ፈቃድ ካወጣሽ በኋላ ነው። እስከዚያ የምትቀጠሪው በረዳትነት ነው። በክብካቤ ዘርፍ የረዳት ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በሰዓት 16.10 ዩሮ ሆኗል። ሙሉ ሰዓት ብትሠሪ ያልተጣራው ወደ 2,700፣ የተጣራው ወደ 1,850 ዩሮ ይመጣል። ቋንቋውን «እዚያው ስትማሪ» የምትኖሪው በዚህ ነው።

ሙኒክ በኪራይ ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ውዷ ናት። ከሌሎች ጋር በምትጋሪው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ወደ 800 ዩሮ ያስወጣል። ለብቻሽ ጠባብ ስቱዲዮ ብትፈልጊ 1,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታዪው ዋጋ ብዙ ጊዜ የማሞቂያና የውኃ ሒሳብ ያልገባበት ስለሆነ፣ ደስ ብሎሽ ከመፈረምሽ በፊት ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን ጠይቂ። አከራዩ ከማሞቂያና ከውኃ ሒሳብ ውጪ ያለውን የአንድ ወር ኪራይ እስከ ሦስት እጥፍ በመያዣነት ሊጠይቅ ሕግ ይፈቅድለታል። አንቺም መያዣውን በሦስት ወር ከፋፍለሽ የመክፈል መብት አለሽ፤ ይህን ብዙ አዲስ ገቢ አያውቀውም፣ አከራዩም አይነግረውም።

እንግዲህ ከ1,850 ዩሮ ላይ 800 ለክፍሉ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2026 መግቢያ ጀምሮ 63 ዩሮ የሆነው በመላ አገሪቱ ባቡርና አውቶቡስ የሚያሳፍረው ወርኃዊ ትኬት አለ። እያንዳንዱ ቤት የሚከፍለው የ18.36 ዩሮ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ አለ፤ እሱን ከቤት ተጋሪዎችሽ ጋር ትካፈዪዋለሽ። ለምግብ 300፣ ለስልክም ትንሽ ጨምሪ። ወደ 650 ዩሮ ይቀርሻል። የክረምት ካፖርትና ጫማ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ለወንድምሽ ትምህርት፣ ለእናትሽ ወር፣ ለዘመድ ለቅሶና ሠርግ የሚላከው ሁሉ ከዚያ ነው። እናትሽ ቤቷን ከሸጠች ደግሞ ተከራይ ትሆናለች። አዘዞ ላይ የእሷን፣ ሙኒክ ላይ የራስሽን፣ ሁለት ኪራይ በአንድ ረዳት ደመወዝ ትከፍያለሽ ማለት ነው። የተሸጠውን ቤት መልሶ ለመግዛት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቁጭ ብለሽ አስቢው፤ የጎንደር የቤት ዋጋ አንቺን ቆሞ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ከደብዳቤዬ ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይህ አይርሳሽ። ሙኒክን ማን መረጠልሽ? አብሮ አደግሽ ስላለች ነው፤ ስሟም ስለሚታወቅ ነው። በጀርመን የመንግሥትና የከተማ ሆስፒታሎች ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው በኅብረት ስምምነት በወጣ አገር አቀፍ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ እርከን ላይ ያለች ነርስ ሙኒክ ብትሠራ፣ ካሰል ብትሠራ፣ ላይፕሲሽ ብትሠራ መነሻ ደመወዟ አንድ ነው። ሙኒክ ያሉ አንዳንድ ቀጣሪዎች ለኑሮ ውድነቱ አበል ይጨምራሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም፣ የሚጨምሩትም ቢሆን የኪራዩን ልዩነት አይሸፍንም። ካሰል ወይም ላይፕሲሽ ላይ አንድ ክፍል የሙኒክን ግማሽ ያህል ዋጋ ነው። በየወሩ አራት መቶ ዩሮ ያህል ያለ ተጨማሪ ሥራ በእጅሽ ቀረ ማለት ነው። የተፈቀደልሽን ሙያ ይዘሽ ገንዘብ ለመቋጠር ከሆነ የምትሄጂው፣ ከሙኒክ ይልቅ መካከለኛ ከተማ ፈልጊ። በትንሽ ከተማ ሀበሻ ጥቂት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በምሥራቁ በኩል፣ የውጭ ሰውን በክፉ ዓይን የሚያይም አለ። ይህንን ካመዛዘንሽ በኋላ ሙኒክን ከመረጥሽ ቀጣሪሽ የሠራተኞች መኖሪያ እንዳለውና ክፍል እንደሚሰጥሽ ጠይቂ። ብዙ ሆስፒታሎች አላቸው፤ ኪራዩም ከገበያው ይቀንሳል። ክፍሉን ለስንት ጊዜ እንደሚሰጡሽ በጽሑፍ ይስጡሽ።

አብሮ አደግሽ «እኔ ጋ ታርፊያለሽ» ማለቷ ከልቧ እንደሆነ አልጠራጠርም። ጀርመን ግን የገባ ሰው ቤት ከያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአድራሻው መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም ቤቱን የሰጠው ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር ቁጥርሽም፣ የባንክ ሒሳብሽም፣ የመኖሪያ ፈቃድሽም ከዚህ ምዝገባ ይከተላሉ። እሷ ራሷ አንድ ክፍል ተከራይታ ከሆነ አከራይዋ ሁለተኛ ሰው ላያስመዘግብ ይችላል። «አልጋ አለሽ ወይ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂያት፤ «በአድራሻሽ ልመዘገብ እችላለሁ ወይ» በያት። በምዝገባው ጊዜ ሃይማኖትሽን ይጠይቁሻል። የቤተ ክርስቲያን ግብር በዋናነት የሚሰበሰበው ከካቶሊኮችና ከፕሮቴስታንቶች ሲሆን ሙኒክ ባለችበት ክፍለ ግዛት በባቫሪያ ከገቢ ግብርሽ ላይ 8 በመቶ ነው። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ኦርቶዶክስ ተብሎ መጻፉን አይተሽ ፈርሚ።

ዲግሪያችሁን ይንቁታል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ሊያወጣ ነበር፤ ከዚያ ቤት የወጣ ወረቀት የሚያሳፍር አይደለም። እውቅና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚያየው ግን ዝናውን አይደለም። የትምህርት ሰዓትሽን፣ የተግባር ልምምድሽንና የሥራ ልምድሽን ከጀርመን የሦስት ዓመት የነርስ ሥልጠና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ የጎደለውን በጽሑፍ ይነግርሻል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የአረጋውያን ክብካቤና መሠረታዊ ክብካቤ ነው። ጉድለቱን እዚያ ሄደሽ በማሟያ ሥልጠና ወይም በእውቀት ፈተና ትሸፍኚዋለሽ። ለዚህ የተዘጋጀ ቪዛ አለ፤ እስከ 24 ወር ይሰጣል፣ ሲያስፈልግ ወደ 36 ይራዘማል።

የጎደለውን ስትሰሚ ቅር እንዳይልሽ ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ብዙ ነርሶቻችን ሄደው የሚያዝኑት በዚህ ነው። እዚህ አስታማሚ አለ። በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር አንጥፎ የሚያድረው የራሱ ሰው ነው። አንቺ መድኃኒት ትሰጫለሽ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ፣ መዝገብ ትይዣለሽ። ጀርመን ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ የለም። ያ ሁሉ የነርሷ ሥራ ነው። ዲግሪ ያላት፣ ተማሪ ያስተማረች ነርስ ጠዋት ተነሥታ የሰው ገላ ታጥባለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። በዚያ ላይ እዚህ በየቀኑ የምትሠሪው እንደ ደም ሥር ላይ መስመር መክፈት ያለ ነገር በብዙ የጀርመን ሆስፒታል የሐኪም ሥራ ነው። «ወደ ታች ወረድኩ» የሚል ስሜት ይመጣል። ጀርመኖቹ ነርሶች ግን ይህንን ዝቅ ያለ ሥራ አድርገው አያዩትም። በሽተኛው ሲታጠብ ቆዳውን ያያሉ፣ አተነፋፈሱን ይሰማሉ፣ ከትናንት ምን እንደተለወጠ ያውቃሉ፤ ሙያው ለእነሱ ይህ ነው። አንቺ ይህን ሥራ በደስታ ባይሆን እንኳ በአክብሮት መሥራት ትችዪ እንደሆነ ከመሄድሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ። የማትችዪ ከሆነ የትኛውም ደመወዝ አያስችልሽም።

ቋንቋውን «እዚያው ትማሪዋለሽ» ለሚለው መልሴ አጭር አይደለም። ለነርስነት ፈቃዱ በአብዛኛው የሚፈለገው ቢ2 የሚባለው ደረጃ ነው። ከምንም ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲቲዩት ከ600 እስከ 800 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይገምታል። ስምንት ሰዓት ቆመሽ የሠራሽበትን ቀን፣ የሌሊት ተራ ያደርሽበትን ሳምንት አስቢና ያንን ትምህርት በዚያ ድካም ላይ ጨምሪበት። ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ነው። ከቢ2 በታች ባለው ቢ1 ላይ ይቀራሉ፣ ረዳት ሆነው ይቀራሉ፣ የቪዛው ጊዜም ያልቃል። ቢ2 ይዘሽ ብትገቢም መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል። ባቫሪያ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚናገሩት የአካባቢያቸውን ጀርመንኛ ነው፤ ሲያማቸውና ሲደነግጡ ደግሞ ይብስበታል። ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ ይፈጥናል፤ ስልክ ላይ የሚነገር የላቦራቶሪ ውጤት ፊት አይታይበትም። የሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ስለሆነ «በግምት ገባኝ» አይባልም።

ስለዚህ ቋንቋውን እዚህ ጀምሪው፤ ቢያንስ ቢ1ን፣ ቢቻል ቢ2ን እዚህ ጨርሺ። ጎንደር ሆኖ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎተ ኢንስቲቲዩት ያለው አዲስ አበባ ነው። የመንገዱ ነገር የሚታወቅ ስለሆነ ለፈተና ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ይኖርብሻል፤ ለትኬቱ ከወዲሁ አስቀምጪ። ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ መጽሐፉንና ድምፁን ቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጫኚው። ከሥራ ባልደረቦችሽ መሄድ የሚያስቡ አይጠፉም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሳምንት ሁለት ማታ አብራችሁ አጥኑ፤ አንዳችሁ ታካሚ፣ አንዳችሁ ነርስ እየሆናችሁ በጀርመንኛ ተነጋገሩ። የገንዘቡን መንገድ ቤታችሁ ይዞታል። ሰርቪሱን ማከራየት ይቻላል። የሰርቪሱ ኪራይ ትምህርቱን ይረዳሻል፣ ቤቱም የእናትሽ እንደሆነ ይኖራል።

እግረ መንገድሽን ሰነድሽን ሰብስቢ። የትምህርት ዝርዝርሽ በኮርስ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ተተንትኖ፣ የተግባር ልምምዱ በየክፍሉ፣ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ ይፈለጋል። ይህንን የሚሰጥሽ ሬጅስትራሩ ነው፤ ጎንደር እያለሽ በእግርሽ ተመላልሰሽ የምታስጨርሺውን፣ ሙኒክ ሆነሽ በዘመድ በኩል ለማስጨረስ ብዙ ወራት ይወስዳል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም የሠራሽባቸውን ክፍሎች እየጠቀሰ ይጻፍ። የሙያ ፈቃድሽ ጊዜው እንዳያልፍ አድሺው። ለመጠየቅ የጀርመን መንግሥት «አነርኬኑንግ ኢን ዶይችላንድ» እና «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» የሚባሉ ድረ ገጾች አሉት። ውጭ ሆነው ለሚያመለክቱ ሰዎች ነጻ ምክር የሚሰጥ ማዕከልም አለው። በእንግሊዝኛ ጻፊላቸው፤ ይመልሱልሻል። የባቫሪያ ጉዳይ ከሆነ የነርሶችን እውቅና የሚያየው የክፍለ ግዛቱ የክብካቤ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላ ክፍለ ግዛት ከመረጥሽ መሥሪያ ቤቱም ይለያል። ለዚህ ነው ከተማውን ከማመልከትሽ በፊት መወሰን ያለብሽ።

ውል ሲመጣልሽ ከደመወዙ በፊት መልቀቂያውን አንብቢ። አንዳንድ ቀጣሪ ለቋንቋና ለጉዞ አወጣሁ ያለውን ገንዘብ፣ ቀድመሽ ብትለቂ እንድትመልሺ የሚል አንቀጽ ያስገባል። ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ እየቀነሰ እንደሚሄድና ቀጣሪው ራሱ ቢያሰናብትሽ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ሳታውቂ አትፈርሚ። በረዳትነት የምትሠሪበት ጊዜ ደመወዝና ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ያለው ደመወዝ ሁለቱም በቁጥር ይጻፉ። ለማሟያ ሥልጠናው ወይም ለፈተናው ዝግጅት ከሥራ ሰዓት ስንት እንደሚሰጡሽም ይጻፍ። የዓመት ፈቃድ በኅብረት ስምምነቱ ለሚከፍሉ ሆስፒታሎች 30 የሥራ ቀን ነው። ጥምቀት እዚያ የሥራ ቀን ስለሆነ አስቀድመሽ ካልጠየቅሽ ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ አንቺ ተረኛ ነሽ፤ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ሲደርስ ግን ትንሽ አይደለም።

ስለ አጎትሽ «ዕድል አይመለስም» የምለው ጥቂት ነው። ጀርመን ሕዝቧ እያረጀ ያለ አገር ናት፤ የነርስ እጥረቷ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የሚያልፍ አይደለም። በዚህ ወር ካልተከፈለ ያመልጣል የሚል ዕድል የሰውየው እንጂ የአንቺ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? አጎትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ እሱም ያንብበው፣ ቁጥሮቹንም አብራችሁ ደምሩ።

እናትሽን ምን ልበላት ላልሽው፣ እንቢታ አድርገሽ አታቅርቢላት። ቤቷን ለመሸጥ የቆረጠች እናት ልጄ ናቀችብኝ ብላ እንዳታዝን እፈራለሁ። «እማዬ፣ ቤቱን ለእኔ ብለሽ ያዢልኝ። እኔ በራሴ ስም አመልክቼ፣ ቋንቋውን ተምሬ ነው የምሄደው። እስከዚያ የሰርቪሱን ኪራይ ለትምህርቴ ስጪኝ» በያት። የምትሰጥሽ ነገር ታገኛለች፤ ቤቷም ከእሷ አይወጣም። ወንድምሽ ዘንድሮ ፈተና ስላለበት የመሄጃሽን ጊዜ ከእሱ ፈተና በኋላ አድርጊው። ይህ ሁሉ ዓመት ተኩል፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ይወስድብሻል። ረጅም ነው፤ አልደብቅሽም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ደመወዝ አለሽ፣ እናትሽ ቤት አላት፣ ወንድምሽም ከጎኑ ነሽ።

በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሂጂና ሰዓት የተተነተነበት ዝርዝር እንዲጻፍልሽ ማመልከቻ አስገቢ፤ ለምክር ማዕከሉም ዛሬ ማታ ጻፊ። ውል የመጣልሽ ዕለት ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናነበዋለን።